ትንሹን ጊታር አምፕ በተሻለ ርካሽ አምፕ መቀየር፦ ለባሕር ዳር ጊታሪስት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ጊታር የጀመረ ሰው የመጀመሪያ አምፑ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ባለ ስፒከር ሳጥን) አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። 10 ወይም 15 ዋት፣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ ምናልባትም ከጊታሩ ጋር በአንድ ካርቶን የመጣ። ለመኝታ ቤት ይበቃል። ከዚያ አንድ ቀን ድራም ያለበት ልምምድ ትጠራላችሁ። ወይም ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ቅዳሜ ማታ "እስኪ ኑና ሁለት ዘፈን አጅቡን" ትባላላችሁ። ያኔ ትንሹ አምፕ ይጮኻል እንጂ አይሰማም።

ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ዋት ልግዛ?" የሚል ነው። ሰውን ለኪሳራ የሚዳርገውም ይሄው ጥያቄ ነው። የርካሽ አምፕ ችግር የዋት ማነስ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ጉዱ ያለው ስፒከሩና ሳጥኑ ላይ ነው። ከዚያ የምትጫወቱበት ቦታ ይከተላል፣ ከዚያ መብራቱ። የአምፑ ስምና በውስጡ የታጨቀው የኢፌክት (የድምፅ ማስዋቢያ) ብዛት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። በምትኩ ያላችሁን ገንዘብ አሥር ቦታ ክፈሉት። ሰባቱን ለአምፑ፣ ሁለቱን ለስታብላይዘር (የመብራቱን ቮልት ለሚያረጋጋው ዕቃ) እና ለጥሩ ገመድ፣ አንዱን ለማጓጓዣ መድቡ። አሥሩንም አምፑ ላይ የጨረሰ ሰው በኋላ ስታብላይዘር መግዣ ሲያጣ ነው የሚታየው።

አንደኛ፦ ያላችሁ አምፕ በእርግጥ አልቆለታል?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን ፈትኑት።

መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ጃኩ ጋ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ገመድ ስንቱን ደህና አምፕ አስወቅሷል። ክሩንም እዩት። የዛገ ክር በየትኛውም አምፕ ቢሰካ ድምፁ ሙት ነው።

ቀጥሎ አምፑን ከመሬት አንሱት። ወንበር ላይ አስቀምጡትና ስፒከሩ ወደ ጆሯችሁ እንዲያይ ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት። የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ የሚወረውረው ፊት ለፊት፣ በጠባቡ ነው። አምፑ መሬት ላይ ከሆነ ያ ድምፅ በቁርጭምጭሚታችሁ በኩል ያልፋል። እናንተ የምትሰሙት የታፈነውን ነው። ታፈነ ብላችሁ ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ) ትጨምራላችሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ግን ጆሮው ይበሳል። አምፑን ከፍ በማድረግ ብቻ "አዲስ አምፕ ገዛህ እንዴ?" የተባሉ አሉ።

ሦስተኛው ነገር ቤዙ፣ የወፍራሙ ድምፅ ማዞሪያ ነው። ባለ 6 ኢንች ስፒከር ወፍራም ድምፅ እንዲያወጣ ሲገደድ ያለችውን ጉልበት በከንቱ ይጨርሳል። ቤዙን ወደ ሩብ አውርዱት፣ ሚዱን (የመካከለኛውን ድምፅ ማዞሪያ) ከግማሽ በላይ አድርጉት። ብቻችሁን ስትሰሙት ላያምር ይችላል። ከድራምና ከቤዝ ጊታር ጋር ግን ድምፁ ወደ ፊት ይወጣል። ጊታር በባንድ ውስጥ የሚሰማው በሚዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። አንድ ጓደኛችሁ ወይም የምትለማመዱበት ቤት ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ሳጥን ካለው ተዋሱ። አምፑን ከሶኬት ንቀሉ። የጀርባውን ሽፋን በካቻቢቴ ፍቱት። በአብዛኛዎቹ ርካሽ ትራንዚስተር አምፖች ውስጥ ከሰርኪቱ ወደ ስፒከሩ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ በተሰካ ትንሽ ብረት ነው የተያያዙት። ቀስ ብሎ ሲሳብ ይወጣል። ስፒከሩ ማግኔት ላይ 4 ወይም 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። በምትኩ የምታያይዙት ስፒከር ኦሙ ከዚያ ቁጥር ማነስ የለበትም፣ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ። ከዚያ ሰክታችሁ ተጫወቱ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ዋቱም ሰርኪቱም አልተቀየረም፣ ግን ድምፁ ደረት አውጥቶ ይመጣል። እንዲህ ከሆነላችሁ አምፕ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ደህና የጊታር ስፒከር ፈልጉ፣ ሳጥኑን አናጺ ይሥራላችሁ። ጥሩ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ቺፕውድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ የጣና ዳር ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣውም። የመኪና ወይም የቴፕ ስፒከር ግን አይሆንም። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርትዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። ይሄ ጉድለቱ ነው ዲስቶርሽንን (የሮኩን የተሰነጠቀ ድምፅ) ለጆሮ የሚያለሰልሰው። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ባለው ሳጥን ያው ዲስቶርሽን ሲወጣ የንብ ቀፎ የተነካ ነው የሚመስለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያላችሁ ቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ከሆነ በራሳችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊቀር ይችላል፤ ይሄ ሰው ይገድላል። ቲዩብ አምፕን ስፒከር ሳይያያዝበት ማብራትም ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል።

ሁለተኛ፦ የት ነው የምትጫወቱት?

ይህን ሳይመልሱ አምፕ መምረጥ አይቻልም።

በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ ጉልበት ምንም አያደርግላችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ጥሩ የኢርፎን መውጫና ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያምር አምፕ ነው። ከ5 እስከ 20 ዋት ይበቃል። በዚህ ጉዳይ ብዙ አላወራም፤ የክፍላችሁ ልጆች ይነግሯችኋል።

ከድራም ጋር የምትለማመዱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ድራመር ድምፁን የሚቀንስበት ጆሮ የለውም። እዚህ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው ከ40 እስከ 50 ዋት ትራንዚስተር ፈልጉ። ባለ 10 ኢንችም ከተመቻቸለት ይሄዳል። ምክንያቱ ጩኸት ብቻ አይደለም። የእኛ ሙዚቃ ጊታር አብዛኛው ሥራው ንጹሕ ድምፅ ነው። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩም ጊታር ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። ችክችካ ስትመቱ ቀኝ እጃችሁ እየቆረጠ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ምት ድንገተኛ ጉልበት ይጠይቃል። ትንሽ አምፕ በዚህ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ምቱም ይድበሰበሳል። ሮክ የሚጫወት ሰው ስንጥቁን እንደ ቅመም ይወስደዋል። ችክችካ ላይ ግን ሪትሙን ይበላዋል። ስለዚህ የውጭ አገር ሰዎች "15 ዋት ይበቃል" ሲሉ ስትሰሙ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛው ሐይቁ ዳር፣ ክፍት ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሜዳ ላይ ድምፁን መልሶ የሚሰጥ ግድግዳ የለም። ከአምፑ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የሐይቁ ነፋስ ደግሞ የተረፈውን ይዞት ይሄዳል። ልምምድ ቤት ውስጥ ጆሮ የሚያደነቁረው አምፕ እዚህ የተኛ ይመስላል። መፍትሔው ግን ባለ 100 ዋት መግዛት አይደለም። አምፑ ፊት ማይክ አቁሙና ወደ ሚክሰር ላኩት፣ ሕዝቡን ትልቁ ሳውንድ ሲስተም ያድርስ። ለዚህ ሥራ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሹር ኤስኤም57 ማይክ ዛሬም አልተተካም። ማይኩን ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን፣ ጨርቁን ሊነካ እስኪቃረብ አስጠጉት። የአምፑ ሥራ እንግዲህ ለእናንተ ጆሮ መድረስ ብቻ ነው፤ ለዚህም ያው ባለ 12 ኢንች 40 ወይም 50 ዋት ይበቃል።

ሦስተኛ፦ ዋትን በልኩ ማንበብ

ዋትና ጩኸት እኩል አይሄዱም። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ "አዎ፣ ትንሽ ጨምሯል" የሚልበት መጠን። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ከ15 ዋት ወደ 30 ዋት የሄደ ሰው ስፒከሩ ያው ባለ 8 ኢንች ከሆነ ለውጡን ብዙም አይሰማውም።

ስፒከር ላይ ደግሞ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይናገራል። 97 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 100 በሚሰጥ ብትቀይሩት ዋቱን እጥፍ እንዳደረጋችሁ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ስፒከር፣ ቀጥሎ ዋት የምለው።

ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። "ፒክ" ወይም "ፒኤምፒኦ" ከሚል ቃል ጋር ከመጣ እርሱት። የሚታመነው አርኤምኤስ (አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት) የሚለው ነው።

አራተኛ፦ ቲዩብ፣ ትራንዚስተር ወይስ ሞዴሊንግ?

ቲዩብ አምፕ ድምፁ ያምራል። በዚህ አልከራከርም። 15 ዋት ቲዩብ ከድራም ጋር ሲቆምም የወረቀቱን ቁጥር አይመስልም፤ ሲጨናነቅ ድምፁ በለስላሳው ስለሚሰነጠቅ እስከ ጥጉ ድረስ ሊጠቀሙበት ይቻላል። ግን ቲዩቡ ያልቃል። እንደ ኢኤል84 ያለ የፓወር ቲዩብ መቀየሪያ ጊዜው ሲደርስ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ያስፈልጋል። አምፑ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ በባጃጅ ሲንገጫገጭም አይወድም። ባሕር ዳር ላይ ለአንድ አምፕ ብቻ ገንዘብ ላለው ሰው ቲዩብ አልመክርም።

ትራንዚስተር አምፕ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ቢበላሽም ቴፕና ቲቪ የሚጠግን ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል። ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የኢፌክት ሳጥን) ላላችሁ ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው።

ሞዴሊንግ የሚባለው በዲጂታል ብዙ አምፖችን የሚያስመስለው ነው። ሪቨርብ፣ ኮረስ፣ ዲሌይ የሚባሉት ኢፌክቶች ሁሉ ውስጡ አሉ። ፔዳል ለሌለው ሰው ገንዘብ ይቆጥባል። ጉዳቱ ሲበላሽ ነው፤ የሰርኪት ቦርዱን የሚጠግን ማግኘት ከባድ ነው። ሌላው ነገር ሜኑው ነው። 60 ዓይነት ድምፅ አለው ተብሎ የተገዛ አምፕ ከሁለት ወር በኋላ በሁለት ድምፅ ብቻ ሲጫወቱበት ታያላችሁ።

አምስተኛ፦ የትኛው ስም?

ርካሽ ስም ማለት መጥፎ ዕቃ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። ቤሪንገር በ1989 እ.ኤ.አ. ጀርመን የተመሠረተ ነው፣ ቡጌራ እህቱ ነው። ሃርሊ ቤንተን ቶማን የሚባለው የጀርመን የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ የራሱ ስም ነው። ጆዮና ኑክስ የቻይና ናቸው። ከእነዚህ ከፍ ብለው የፌንደር፣ የኦሬንጅ፣ የብላክስታርና የቦስ ታናናሽ አምፖች አሉ።

እኔ የማየው ሞዴሉን እንጂ ስሙን አይደለም። አንድ ምሳሌ፦ ፌንደር ቻምፒየን 20 ባለ 8 ኢንች ነው፤ ቻምፒየን 40 ባለ 12 ኢንች። በስምና በመልክ ወንድማማች ናቸው። ግን አንዱ ለመኝታ ቤት ነው፣ ሌላው ለባንድ። ባለ 8 ኢንች አምፕ ይዞ ወደ ሌላ ባለ 8 ኢንች መሄድ ለውጥ አይባልም።

ኦሬንጅ ክራሽ 35አርቲ ባለ 10 ኢንች ነው፤ የኢርፎን መውጫው የስፒከር ማስመሰያ ስላለው ወደ ሚክሰር ሲላክ ንብ አይሆንም። ቦስ ካታና 50 ባለ 12 ኢንች ሲሆን ጉልበቱን ከ50 ወደ 25፣ ከዚያም ወደ ግማሽ ዋት ማውረድ ይቻላል። ቀን ዶርም፣ ማታ መድረክ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምቾት ያለው አላውቅም። በርካሹ ሠፈር ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ያገለገለ ከተገኘ ግን ፈልጉት። ቲዩብ ካልሆነ አልገዛም የሚል ካለ ቡጌራ ቪ5ን ይይ። 5 ዋት ነው፣ ወደ 1 እና ወደ 0.1 ዋት ይወርዳል። ግን ባለ 8 ኢንች ስለሆነ ከድራመር ጋር አትሰለፉበት።

ስድስተኛ፦ መብራት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ አምፕ የሚሞተው በዚህ ነው።

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ። አክስታችሁ ከዋሽንግተን የምታመጣላችሁ አምፕ በአብዛኛው ለ120 ብቻ የተሠራ ነው። ሶኬታችን ላይ ብትሰኩት ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዝ ብቻ ይቃጠላል፤ ካልሆናችሁ ጭስ ታያላችሁ። ያው ሞዴል ለአውሮፓ ሲሠራ ደግሞ 230 ይላል፤ እሱ እኛ ጋ ይሠራል። ስለዚህ የሞዴል ስም ብቻ ነግራችሁ አትላኩ። የአምፑን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። ከፓወር ገመዱ መግቢያ አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አለ። "220–240" ወይም "230" ካለ ሰላም ነው። "100–240" ካለ ደግሞ የትም ይሠራል፤ ይሄ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር በአዳፕተር በሚሠሩት ላይ ነው የሚበዛው። "120" ብቻ ካለ ሌላ ፈልጉ። አንዳንዱ ጀርባው ላይ የቮልት መቀየሪያ አለው፤ ከመሰካታችሁ በፊት የት ላይ እንዳለ እዩ።

ባለ 120ው በእጃችሁ ገብቶ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈው ፍጆታ ብዙ ጊዜ በመጠነኛ ድምፅ የተለካ ስለሆነ ሦስት እጥፉን የሚችል ውሰዱ። 60 ዋት ካለ ትራንስፎርመሩ ከ180 በላይ ይሁን። ኸርትዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ለ60 ኸርትዝ ብቻ የተሠራ አምፕ በእኛ 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል። ጀርባውን ከግድግዳ አርቁት፣ በየመሃሉ አሳርፉት።

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ አምፑን አጥፉ። ጉዳቱ የሚመጣው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ፍሪጁም ምጣዱም በአንድ ጊዜ ሲነሳ ቮልቱ ይዘላል ይወርዳል። ስታብላይዘር ለዚህ ነው። ጄኔሬተር ላይ ስትጫወቱም በስታብላይዘር በኩል አሳልፉት።

ኧርዝ፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ሌላው ጉዳይ ነው። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት ሦስተኛውን ቆርጠው የሚሰኩ አሉ። ይሄ በሕይወት መቀለድ ነው። ጊታር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ነዘር ካደረጋችሁ አምፑና ሚክሰሩ የተሰኩት ኧርዛቸው ያልተገናኘ ቦታ ነው ማለት ነው። ወዲያው አቁሙ። ሁለቱንም ኧርዝ ካለው አንድ ግድግዳ በአንድ ዲቫይደር አድርጓቸው። ሐይቁ ዳር ሣር ላይ በባዶ እግር የሚጫወት ሰው ደግሞ ይህን ሁለቴ ያንብበው፤ እርጥብ መሬት ላይ ትንሽ ነዘር ትንሽ አይደለችም።

ሰባተኛ፦ ሱቅ ውስጥ መፈተን

የራሳችሁን ጊታርና ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። በሱቁ ውድ ጊታር የተፈተነ አምፕ ቤት ሲገባ ሌላ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ዲስቶርሽኑን እስከ ጥግ ይከፍታል፣ ሪቨርብ ይጨምራል፣ "ወንድሜ፣ ይሄ አዳራሽ ይሞላል" ይላል። በትሕትና ሁሉንም ዝጉትና ከዜሮ ጀምሩ።

መጀመሪያ ዝምታውን ስሙ። ጊታር ሳይሰካ ቮልዩሙን ግማሽ ድረስ ክፈቱ። ትንሽ ሽሽታ ያለ ነው። ወፍራም "ኡኡኡ" ካለ ግን ጥርጣሬ ይግባችሁ። ጊታሩ ሲሰካ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጊታሩን ይዛችሁ ወደ ጎን ዙሩ። ስትዞሩ ከቀነሰ የፒካፑ (የጊታሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት) እንጂ የአምፑ ጥፋት አይደለም።

ቀጥሎ ንጹሑን ድምፅ። ጌይን (ድምፁን የሚሰነጥቀው ማዞሪያ) ዝቅ፣ ቮልዩም ከግማሽ በላይ፣ ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል ሁሉም መሃል ላይ። ስድስተኛውን ክር ባዶውን በደንብ ምቱ። ሌላው እጃችሁ ሳጥኑ አናት ላይ ይሁን። ድምፁ "ዱምም" ካለ ደህና ነው። "ድርርር" ካለ ወይ ብሎን ላልቷል፣ ወይ ሳጥኑ ተሰንጥቋል፣ ወይ ስፒከሩ ተቀዷል። ብሎኑን በእጃችሁ ሞክሩ። ጨርቁን ጫን አድርጉት። ድርድርታው ካልጠፋ ተዉት።

ከዚያ ትዝታ ተጫወቱ። ቀስ ብላችሁ፣ ከ12ኛው ፍሬት በላይ፣ አንዱን ኖታ ይዛችሁ እስኪያልቅ ጠብቁ። ጥሩ አምፕ ላይ ኖታው እየሳሳ ይሄዳል። አንዳንድ ሞዴሊንግ አምፕ ላይ ግን መሃል ላይ ድንገት ቁርጥ ይላል። ያ የጩኸት መቀነሻው ሥራ ነው። ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ያጥፉላችሁ። የማይጠፋ ከሆነ ለእኛ ዜማ አይሆንም፤ የትዝታ ግማሹ ያለው ኖታው ሲያልቅ ነው።

አሁን ችክችካ። እጃችሁን ሳትቆጥቡ። ድራመር ጎናችሁ እንዳለ አስቡ። ምቱ ተለይቶ ይሰማል ወይስ ይድበሰበሳል? ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ እሱ ይጫወት፣ እናንተ ከሱቁ ውጡ። መንገድ ላይ ቆማችሁ የምትሰሙት ድምፅ ሕዝቡ ለሚሰማው ይቀርባል።

ማዞሪያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አዙሩ። የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያ ማጽጃ ስፕሬይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ነው። የጃክ መግቢያውን ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ድምፁ ከተቆራረጠ መበየድ ይፈልጋል። በመጨረሻ ሳይጠፋ ይቆይ። "እህቴ፣ ቡና እስክንጠጣ እንደበራ ይሁንልን" በሏት ባለሱቋን። ብዙ ብልሽት የሚወጣው ዕቃው ሲሞቅ ነው። ተመልሳችሁ ድምፁ ካልተለወጠና የተቃጠለ ነገር ካልሸተተ ወደ ዋጋ ድርድር ግቡ።

በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶና አምፑ ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ቅድመ ክፍያ የሚለውን አልፉት። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ እሱ ሄዶ ይፈትን፤ ይህን ክፍል ላኩለት።

ስምንተኛ፦ ማምጣት

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አምፑ አውቶብስ ጣሪያ ላይ አይውጣ። ስፒከሩ ፊት ላይ ጠፍጣፋ ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ እሰሩበት፤ አንድ የሻንጣ ጠርዝ ወረቀቱን ይበሳዋል። በክረምት ከሆነ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ቤት ሲደርስ ፈትታችሁ አየር ሳያገኝ አታብሩት። ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ የሻንጣ ልክ 23 ኪሎ መሆኑን አስቡ። ካታና 50 ከ12 ኪሎ በታች ስለሆነ ይገባል፤ ከባድ ቲዩብ አምፕ ግን ያንን ሰው ያስጨንቀዋል።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ቤት ስትደርሱ ሁሉንም መሃል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሪቨርቡ ከሲሶ አይለፍ። ከባንዱ ጋር ስትሆኑ ቤዙን ዝቅ፣ ሚዱን ከፍ አድርጉ፤ ቤት ያስተካከላችሁት ድምፅ ልምምድ ላይ አይሠራም፣ አትገረሙ። ደህና የሆነውን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱት።

አሮጌውን አምፕ ለመሸጥ አትቸኩሉ። ፔዳል ለመሞከሪያ ይሆናል፤ አዲሱ ሲበላሽ ደግሞ ቅዳሜን ያሻግራችኋል። መሸጥ ካለባችሁ ጊታር ለሚጀምር ልጅ ሽጡት፤ ስትሰጡትም ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው ንገሩት።